ኤጀንት ደውሎ አይጠይቅም

ሰሞኑን ጎሮ አካባቢ በተደረገ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ውይይት ላይ አንድ የድርጅት ኃላፊ የተናገሩት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ድርጅታቸው ሲስተሙን ለኤአይ ኤጀንቶች፣ ማለትም ሰውን ወክለው ሥራ ለሚፈጽሙ ፕሮግራሞች፣ ሊከፍት ነው። ዶክመንቴሽን (አሠራሩን የሚያስረዳ ሰነድ) ግን አይጻፍለትም፤ ለእሱ የተያዘው ገንዘብ ወደ ማስታወቂያ ዞሯል። ምክንያታቸው ኮዱ ራሱ ሰነድ ነው፣ ኤአይ ደግሞ ኮድ ማንበብ ከማንም ይበልጣል የሚል ነበር። አዳራሹም አጨበጨበላቸው።

ለመሆኑ ያጨበጨበው ሰው ኤጀንት ምን እንደሚያይ ያውቃል? የእሳቸው ኮድ ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ ሰርቨር ላይ ተቆልፎ የተቀመጠ ነው። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ይፋ ባደረገውና ዛሬ ብዙዎች በሚሠሩበት ኤምሲፒ (ኤጀንትን ከሲስተም ጋር የሚያገናኝ የጋራ አሠራር) በኩል ለኤጀንቱ የሚደርሰው የቱሉ (ኤጀንቱ ሊያዝዘው የሚችለው አንድ ተግባር) ስም፣ መግለጫውና የሚቀበላቸው መረጃዎች ዝርዝር ነው። በቃ። መግለጫው ባዶ ከሆነ ኤጀንቱ የሚያነበው ባዶውን ነው። ይህን ሳያውቁ ለኤጀንት ሲስተም እከፍታለሁ ማለት ድፍረት ነው።

እስከ ዛሬ የእኛ ሶፍትዌር የኖረው በስልክ ነው። ዴቨሎፐሩ ግራ ሲገባው ይደውላል፦ «ወንድሜ፣ ይቺ ቀን የምትለው በእኛ ናት በፈረንጆች?» በአንድ ደቂቃ መልሱን ያገኛል፣ ሥራው ይቀጥላል። የትም ሳይጻፍ ይቀራል። ኤጀንት ግን የሚደውልለት ጓደኛ የለውም። ይገምታል፣ ያስገባል፣ «ተፈጽሟል» ብሎ ይመለሳል። ተጠቃሚውን ይጠይቅ አትበሉኝ፤ ተጠቃሚው ሲስተሙ ውስጥ ቀኑ በምን እንደሚቆጠር ከየት ያውቃል?

ከቃሊቲ እስከ ገላን ባሉ መጋዘኖች ዕቃ የሚያስጭኑ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት አንድ የመኪና ማስያዣ ሲስተም ከኤጀንት ጋር ተገናኝቶ ሲሞከር አጠገቡ ነበርኩ። የቱሉ መግለጫ «መኪና ይይዛል» ይላል። ከሥሩ «ቀን» እና «ሰዓት» የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ሌላ አንድም ቃል የለም። ነጋዴው «ለጳጉሜን 3 ጠዋት 2 ሰዓት አይሱዙ ያዝልኝ» ብሎ ጻፈ። ኤጀንቱ የእኛን አቆጣጠር አሳምሮ ያውቃል። ጳጉሜን 3 ቀን 2017ን ያለስህተት ወደ ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ቀየረና 2025-09-08 ብሎ ላከ፤ ጠዋት 2 ሰዓትን ደግሞ 08:00 አደረገው። ሲስተሙ ውስጡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሠራ ስለነበር መኪናውን ለግንቦት 8 ቀን 2025 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ያዘለት። ከሰባት ዓመት በላይ ወደፊት! ኤረር አልመጣም። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ተሳክቷል» የሚል ነው።

ወዲያው «ኤአይ ገና ነው፣ ይሻሻላል» የሚል ድምፅ ተሰማ። ምኑ ነው የሚሻሻለው? ኤጀንቱ አንድም ቦታ አልተሳሳተም፤ ሂሳቡ ልክ ነበር። ያላወቀው ማንም ያልነገረውን ነው። የዛሬ አሥር ዓመት የሚመጣው ሞዴልም ያልተጻፈለትን ሊያውቅ አይችልም። እንዲያውም ሌላው ዓለም መግለጫ ባይጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ይይዝለታል፤ ዓመቱ 12 ወር ነው፣ ቀኑ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፣ ሰዓታችን ከንጋት ይቆጠራል። ስለዚህ ከማንም በላይ መጻፍ ያለብን እኛ ነን፤ ከማንም በላይ የማንጽፈውም እኛው። ይህ የሚያበሳጨኝ ለዚህ ነው።

ገንዘቡም እንደዚያው ነው። «መጠን፦ 1500» ሲባል 1,500 ብር ነው ወይስ በሳንቲም ተቆጥሮ 15 ብር? ስልኩ በ09 ይጀምራል ወይስ በ+251? ኤረር ሲመጣስ «የተሳሳተ ግብዓት» ብቻ የሚል መልስ ለማን ይጠቅማል? ኤጀንቱ አንዱን ቁጥር እየቀያየረ፣ እስኪያልፍለት ይሞክራል።

መፍትሔው ሁለት መስመር ነበር። «ቀን፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን፣ ለምሳሌ 2017-13-03። ሰዓት፦ በአገራችን አቆጣጠር፣ ጠዋት፣ ከሰዓት ወይም ማታ ተብሎ ይገለጽ፣ ለምሳሌ ጠዋት 2:00።» ይህን ለመጻፍ ስንት ብር ይፈጃል? የጊዜ እጥረት እንዳለ አውቃለሁ፣ በዚህ ሥራ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ለማስታወቂያ ጊዜ ያገኘ ድርጅት ለሁለት መስመር አጣሁ ቢል አልሰማውም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ 5 ሚሊዮን ኮደሮችን ለማፍራት በተነሳች አገር የሠራኸውን ነገር በቃላት ማስረዳት የሥራው አካል ካልሆነ የምናፈራው ምን ዓይነት ኮደር ነው?

ኪሳራው ደግሞ ኃላፊውን አይነካም። ጳጉሜን 3 ጠዋት በር ላይ ቆሞ መኪና የሚጠብቀው ነጋዴው ነው፤ ለወዛደሮቹም የሚከፍለው እሱ ነው።

ኃላፊው ገንዘቡን ወደነበረበት ይመልሱ። ከዚያ ሲስተሙን አይቶ የማያውቅ አንድ አዲስ ሠራተኛ ይጥሩ፣ መግለጫውን ብቻ ሰጥተው፣ ስልኩን ተቀብለው መኪና እንዲያስይዝ ያድርጉት። እሱ በትክክል እስኪያስይዝ ድረስ ለኤጀንት አይክፈቱት።