የሮኬትን ድምፅ በሙዚቃ አትሸፍኑብን

ሮኬት ሲመጥቅ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ዛሬ እንደ ልብ ይገኛሉ። የጠፈር ድርጅቶችም ሆኑ የግል ኩባንያዎች ከእያንዳንዱ ትልቅ በረራ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ቅንብር ይለቃሉ፤ ሞተሮቹ ሲቀጣጠሉ ከበሮ ይጎሰማል፣ ሮኬቱ መሬት ሲለቅ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ምስሉም በየሰከንዱ ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው ይዘላል። ቅንብሩ ያምራል፣ ባለሙያዎቹም ደክመውበታል። ይሁን እንጂ በሮኬት በረራ ውስጥ ያለውን እጅግ አስደናቂ ነገር ከዓይናችንና ከጆሯችን የሚሰውረው ይኸው ቅንብር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከድምፁ ልጀምር። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከመነሻ መድረኩ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ነበልባሉን ካየ በኋላ 15 ሰከንድ ያህል ምንም ሳይሰማ ይቆያል። ሰዎችን ወደ ጨረቃ በወሰደው በሳተርን 5 ጊዜ ይህ ማለት 110 ሜትር የሚረዝመው ሮኬት እሳቱን ለኩሶ፣ ከመድረኩ ተላቆ ወደ ላይ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው ጩኸቱ የሚደርሰው ማለት ነው። ሲደርስም እንደ ድምፅ ብቻ አይደርስም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1967 አፖሎ 4 የተባለው የመጀመሪያው የሳተርን 5 የሙከራ በረራ ሲነሣ፣ የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ ዋልተር ክሮንካይት የተቀመጠበት ጊዜያዊ ስቱዲዮ ተናወጠ፣ ከጣሪያውም ቁርጥራጭ ይወድቅ ጀመር፤ እርሱም ሲንቀጠቀጥ የነበረውን ትልቅ የመስኮት መስታወት በእጁ ደግፎ እየጮኸ ስርጭቱን ቀጠለ። ያን ቀረጻ ዛሬም የሚያየው ሰው የሮኬቱን ጉልበት የሚረዳው ከምስሉ ይልቅ ከሰውየው ድምፅና ከክፍሉ መንቀጥቀጥ ነው።

የሮኬት ድምፅ ጉርምርምታ ብቻ እንዳልሆነም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ከድምፅ ፍጥነት እጅግ የላቀ ፍጥነት ስላለው፣ የሚፈጥራቸው የግፊት ሞገዶች አናታቸው ሹል ይሆንና አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ እንደሚጮኽ ጅራፍ ይንጣጣሉ። ሮኬቱ ከፍ ባለና ጭራውን ወደ ተመልካቹ ባዞረ መጠን ይህ መንጣጣት ከዝቅተኛው ጉርምርምታ ላይ ተነጥሎ ይሰማል። ማይክሮፎን ብዙ ጊዜ ይህን መሸከም ይሳነውና ድምፁ ይሰባበራል። እኔ ግን የተሰባበረውን ድምፅ ከየትኛውም የተጣራ ሙዚቃ አስበልጣለሁ፤ መሣሪያው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር እንደገጠመው ይመሰክራልና።

ድምፁ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከሁሉ በላይ የሚያውቁት መድረኩን የሚሠሩት መሐንዲሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1981 ደጋግማ እንድትበር የተሠራችው የናሳ መንኮራኩር፣ ስፔስ ሻትል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሣ፣ ከመድረኩ ተነጥሮ የተመለሰው የግፊት ሞገድ ከተገመተው በላይ በመሆኑ ከዚያ በኋላ የውኃ መርጫው ሥርዓት ተሻሽሏል። በየበረራው ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውኃ በደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መድረኩ ላይ ይለቀቅ ነበር፤ ከዋና ዋና ምክንያቶቹም አንዱ ድምፁ ራሱ ሻትሏንና ጭነቷን እንዳይጎዳ ነው። በብዙ ቪዲዮዎች ላይ ሮኬቱ ሲነሣ ዙሪያውን ሲግተለተል ከምናየው ነጭ ደመናም ጥሩ ድርሻው የዚህ ውኃ እንፋሎት ነው። እንግዲህ ብረት እንዳይጎዳ በውኃ የሚታፈንን ድምፅ አጥፍቶ በቦታው ከበሮ ማስገባት ምን የሚሉት ማሳመር ነው?

ከሙዚቃው ይልቅ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ አለ፤ ከሌላ ቦታ የተወሰደ የፍንዳታ ድምፅ በምስሉ ላይ መለጠፍ። ካሜራው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ ነበልባሉና ጩኸቱ በአንድ ቅጽበት ከመጡ፣ ያ ድምፅ ወይ ከመድረኩ አጠገብ ተቀድቶ የተገጠመ ነው፣ ወይም ጭራሹን የሌላ ነው። ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ተመልካቹ የነገሩን ግዝፈትና ርቀት የሚለካው በዚያች የዝምታ ክፍተት ነው፤ ክፍተቷ ስትዘጋ ግዙፉ ሮኬት ወደ አሻንጉሊትነት ይወርዳል።

ምስሉን በሚመለከት፣ ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ በእርጋታ ሊያየው ይገባል የምለው እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1969 አፖሎ 11 ሲነሣ ኢ-8 የሚል መለያ የተሰጠው ካሜራ የቀረጸውን ፊልም ነው። ካሜራው በመድረኩ ላይ፣ ከሞተሮቹ አጠገብ ተቀምጦ በሰከንድ 500 ፍሬም፣ ማለትም 500 ነጠላ ምስል፣ ያነሣ ስለነበር፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ የፈጀው ክንውን ወደ ስምንት ደቂቃ ተለጥጧል። በዚህ ፊልም ላይ እሳቱ በመጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ ብርቱካናማው ጭስ ወደ ላይ ተመልሶ መድረኩን ያለብሰውና፣ ሞተሮቹ ሙሉ ኃይላቸውን ሲያገኙ እንደገና ከመድረኩ ሥር ወዳለው የእሳት መውጫ ጉድጓድ ተስቦ ይገባል። ከሮኬቱ ጎን ላይ የበረዶ ቅርፊት እየተላጠ ይረግፋል፤ ከቆርቆሮው ጀርባ ያለው ፈሳሽ ኦክስጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ይቀዘቅዛልና። ሮኬቱ ከፍ ሲል ደግሞ ኤፍ-1 ከሚባሉት የሮኬቱ ሞተሮች ከእያንዳንዱ አፍ ሥር ጠቆር ያለ መጋረጃ ይታያል፤ ነጩ ነበልባል የሚጀምረው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው። ያ ጥቁር መጋረጃ የነዳጅ ፓምፑን ተርባይን ካሽከረከረ በኋላ የሚወጣው፣ ከዋናው ነበልባል የቀዘቀዘ ጋዝ ሲሆን፣ የሞተሩን አፍ ከውስጥ በኩል ለብሶ ከመቅለጥ ያድነዋል። በመጨረሻም የመድረኩ ቀለም ሲቃጠልና ሲላጥ እናያለን።

ይህን ያነሡት ሰዎች መሐንዲሶች ነበሩ፤ ዓላማቸውም አንድ ብልሽት ቢፈጠር መነሻውን ለማግኘት ነበር። ውበቱ የመጣው ካሜራው በትክክለኛው ቦታ ተተክሎ ሳይነቃነቅ በማየቱ ነው። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ይህንንም እንዳለ መተው ይገባል።

ያልተነካ ቀረጻ ያለውን ዋጋ በሐዘንም አውቀነዋል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከነጠፈርተኞቿ የጠፋችው ሻትል ቻሌንጀር ከመነሣቷ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ከቀኝ ረዳት ሮኬቷ መጋጠሚያ ጥቁር ጭስ ቡልቅ ሲል የያዙት የመድረኩ ካሜራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 እንደ እርሷ የጠፋችው ሻትል ኮሎምቢያ ስትነሣም ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለው አረፋ የግራ ክንፏን ሲመታ በፊልም ተይዟል። መርማሪዎች ምስሉን ደጋግመው ያዩት ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳያስመርጥ ስላስቀመጠላቸው ነው።

ከሮኬቱ ላይ ሆኖ ማየት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ከአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ በረሃ በተተኮሰ የቪ-2 ሮኬት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ ምድርን ያነሣው ካሜራ ከመሬት ጋር ሲጋጭ ደቅቋል፤ ፊልሙ ግን በብረት ማቀፊያ ውስጥ ስለነበር ተረፈ። ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው በስፔስ ሻትል ረዳት ሮኬቶች ላይ በተገጠሙ ካሜራዎች የተቀረጸው ነው። እነዚህ ሮኬቶች ከተነሡ ሁለት ደቂቃ ገደማ በኋላ ከሻትሏ ይላቀቁ ነበር፤ በቀረጻው ከዚያ ወዲያ የሞተሩ ጩኸት ጠፍቶ፣ እየተገለባበጠ በሚወርደው ባዶ ብረት ውስጥ ሲጥጥ የሚል፣ የሚያቃስትና የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማል። አየሩ እየወፈረ ሲመጣ ፉጨቱ ያይላል፣ ጃንጥላው ይዘረጋል፣ ከዚያ ባሕሩ። ናሳ ቀረጻውን ሲያወጣ ድምፁን የስቱዲዮ ባለሙያዎች አጉልተውታል፤ የተጠቀሙት ግን ካሜራዎቹ ራሳቸው የቀዱትን ድምፅ ብቻ ነው። ማስተካከል ካስፈለገ እንዲህ ነው።

ከቅርብ ዓመታትም እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 2024 የተደረገውን የስፔስኤክስ ኩባንያ ግዙፍ ሮኬት የሆነውን የስታርሺፕ አራተኛ የሙከራ በረራ መጥቀስ ይቻላል። መንኮራኩሩ ወደ ከባቢ አየር ሲመለስ ከክንፎቹ አንዱ በሙቀቱ እየተቀደደ፣ ስብርባሪውም የካሜራውን መስታወት እየሸፈነ፣ ምስሉ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። የተቀደደው ክንፍ በዚያው ሁኔታ ሲታጠፍ ታየ፤ መንኮራኩሩም ሕንድ ውቅያኖስ ላይ በቁጥጥር ሥር ሆኖ ወረደ። የተሰበሰበው ሠራተኛ እልልታ በስርጭቱ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ አይረብሸኝም፣ በዚያው ሰዓት የነበረ የሰው ድምፅ ነውና።

የሚቀርብ መከራከሪያ አለ፤ ተመልካች ትዕግሥት የለውም፣ አጭርና ባለ ሙዚቃ ካልሆነ አያይም የሚል። እውነት ነው፣ ለማስታወቂያ አጭር ቅንብር ያስፈልጋል፤ እርሱ ይጥፋ አልልም። የምጠይቀው ከቅንብሩ ጎን የእያንዳንዱ ካሜራ ቀረጻ ከመነሻው እስከ መጨረሻው፣ ቀለሙ ሳይቀባ፣ ድምፁ ሳይነካ እንዲለቀቅ ነው። የሃይድሮጅን ነበልባል ለዓይን እምብዛም የማይታይ፣ የኬሮሲን ብርቱካናማ፣ የሚቴን ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚያደላ መሆኑን ተመልካች በራሱ ዓይን ሊለይ የሚችለው ያኔ ነው። ከቪዲዮው ሥርም ሁለት መስመር ትጻፍ፤ ካሜራው ከመድረኩ ስንት ሜትር ርቆ እንደነበረና በሰከንድ ስንት ፍሬም እንዳነሣ፣ ድምፁም የተቀዳው ካሜራው ከነበረበት ቦታ ይሁን ከሌላ።