የ3 ሚሊሜትር አቤቱታ

ለተከበሩ የፊት ሹካ ክፍተት
ከጎማው በላይ፣ ከፍሬኑ ሥር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለ 28 ጎማ እንዲያልፍ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ አመልካች ከሜክሲኮ አደባባይ ጀርባ ካለው ቤቴ ተነሥቼ አራት ኪሎ እስከሚገኘው መሥሪያ ቤቴ በኮርስ ብስክሌት የምመላለስ፣ ዕድሜዬም ከውድድር ይልቅ ለወገብ ሕመም የቀረበ ሠራተኛ ነኝ። እርስዎ ደግሞ በዚያችው ብስክሌት፣ የፊቱን ቸርኬ ከግራና ከቀኝ በሚይዘው ሹካ ራስ ሥር፣ በጎማውና በፍሬኑ ቅስት መካከል የተሾሙ፣ ቁመትዎ 6 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ባዶ ቦታ ነዎት። ለባዶ ቦታ ማመልከቻ መጻፍ ያስቃል የሚል ሰው ቢኖር በዚህች ከተማ ጉዳይ አስፈጽሞ የማያውቅ መሆን አለበት፤ እኔ ባዶ ወንበር ፊት ቆሜ ፊርማ የጠበቅሁባቸው ቀናት ቢቆጠሩ፣ እርስዎ ቢያንስ ሁልጊዜ በቦታዎ የሚገኙ በመሆንዎ ሊመሰገኑ ይገባል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በእጄ ስበላ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ከሹካ ጋር ይህን ያህል ጉዳይ ይኖረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጥያቄዬ ከባድ አይደለም። ከመጀመሪያው በእርስዎ ሥር እንዲያልፍ የተፈቀደለት ጎማ ጎኑ ላይ 700×23 ተብሎ የተጻፈበት (23ቱ የስፋቱ ሚሊሜትር ነው)፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይሰፋ ቀጭን ነገር ነው። በዚህ ጎማ የሠፈሬን ኮብልስቶን ስሻገር ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል፤ መነጽሬ ወደ አፍንጫዬ ጫፍ ይወርዳል፤ ቢሮ ደርሼ የሰዓት ፊርማ ስፈርም ጣቶቼ ገና እየነዘሩ ስለሆነ ስሜ የሌላ ሰው ስም ይመስላል። የዝናብ ውኃ መውረጃው ፍርግርግማ ብረቶቹ ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የተዘረጉ ከሆነ እንዲህ ያለውን ጎማ በመካከላቸው ሊውጠው ይችላልና፣ ባየሁት ቁጥር ከታክሲዎቹ ጋር እየተጋፋሁ ወደ መሀል መውጣት አለብኝ።

ቀጭን ጎማ ላልቶ መሄድም አይችልም። ከላላ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ካላማዳሪያው በቸርኬው ጠርዝና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ፣ እባብ የነደፈው ይመስል ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ስለዚህ 100 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ መነፋት አለበት። ይህን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሠፈራችን ጎሚስታ ስነግረው የአየር ቱቦውን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ «ጋሼ፣ መኪና እኮ 32 ነው የምንነፋው» አለኝ። ባለ 28 ጎማ ግን 70 ኪሎ ግራም ገደማ ለምመዝነው ለእኔ 70 ፒኤስአይ ያህል ይበቃዋል፤ ብዙ አየር ስለሚይዝ የድንጋዩን ጉብታ እጄ ላይ ሳይደርስ ራሱ ይውጠዋል። ሰፊ ጎማ ይጎትታል የሚባለውም አሮጌ ወሬ ነው፤ ሁለቱ በእኩል ግፊት ቢነፉ ሰፊው መሬቱን የሚነካበት ቦታ አጠር ስለሚል፣ እየተጨፈለቀ የሚያባክነው ጉልበት እንዲያውም ያንሳል። ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በአየር የሚነፋውን ጎማ ያስመዘገበው የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ መንገድ ላይ እየነጠረች ስላስቸገረችው ነበር። ይኸው ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ እኔ፣ የልጅ አባት የሆንሁ ሰው፣ በእርስዎ ትእዛዝ እነጥራለሁ።

አንባቢ በዚህ ጊዜ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሊለኝ ይችላል። ችግሩ መንገዱ ነው፤ ታዲያ ሹካው ምን አደረገ? እውነት ነው፤ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር በተዘረጋበት መንገድ ላይ ባለ 23ቱም አያስከፋም፤ የሚያስከፋው ከደጄ እስከ መስመሩ ያለው ነው። ነገር ግን ከኮብልስቶኑ ጋር ብጣላ ለማን እንደምጽፍ አላውቅም። የእርስዎ አድራሻ ይታወቃል።

እርስዎ የዘር ሐረግዎን እንደሚጠቅሱ አውቃለሁ። ለውድድር የተሠራሁ ነኝ ይላሉ። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም እንደላከች አልዘነጋሁም፤ የኮርስ ብስክሌት ክብር ይገባኛል። እኔ ግን የምሄደው ወደ አራት ኪሎ ነው። ይልቁንም ያልሰሙ እንደሆነ ልንገርዎ፤ እርስዎን የፈጠረው የውድድር ዓለም ራሱ ባለፉት ዓመታት ከ23 ወደ 25፣ ከ25ም ወደ 28 ተሻግሯል፤ ድንጋይ በተነጠፈበት በፓሪስ ሩቤ ውድድር ላይማ 30 እና ከዚያ በላይ ያስገባሉ። ጌቶችዎ ቤቱን ለቀው ከሄዱ ቆይተዋል፤ እርስዎ ግን የለቀቁትን ግቢ በር ቆልፈው ይጠብቃሉ።

ፈቃድ ሳልጠይቅ የሞከርሁበትን ቀን እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። ባለፈው ክረምት ባለ 28 ጎማ ገዝቼ፣ ነፋሱን አስተንፍሼ በፍሬኑ ላስቲኮች መካከል በግድ ካሾለክሁት በኋላ እዚያው ነፋሁት። ለካ በጎማ ጎን የተጻፈ ቁጥር እንደ ሠርግ ጥሪ ሰዓት ነው፤ ያው ግምት ነው። ትክክለኛውን ስፋት የሚወስነው የቸርኬው የውስጥ ስፋት ስለሆነ፣ በእኔ ቸርኬ ላይ 28ቱ 29.5 ሆኖ ተለካ። ሁላችንም የምናየው ደግሞ ወደ ጎን መስፋቱን ብቻ ነው። ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር ከ622 ሚሊሜትር ስለማይነቃነቅ፣ ወደ ጎን የሰፋው ያህል ወደ ላይም ያድጋል። ከግራና ከቀኝ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ተርፎልኝ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ ከላይ ከእርስዎ 6 ሚሊሜትር የቀረችው አንዲት ሚሊሜትር ሆና ተገኘች። አንዲትም ብትሆን ክፍተት ናት ብዬ ወጣሁ።

ጠዋት ሽቅብ ስወጣ ተነሥቼ በረገጥሁ ቁጥር ቸርኬው ወደ ጎን እየተለመጠ «ዝርር» ሲል በዝምታ አለፍሁት። ማታ ግን ከሥራ ወጥቼ በፒያሳ ዞሬ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስወርድ፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ስደርስ ከፊቴ «ክርርር» የሚል ድምፅ ተነሣና ብስክሌቷ ያለ ፍሬን መያዝ ጀመረች። አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ እየጎተትሁ ቆምሁ። አንድ ሊስትሮ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ፍሬን ይዘው ነው እንዴ የሚነዱት?» አለኝ፤ መልስ ሳይጠብቅ ከሳጥኑ ስንጥር እንጨት አውጥቶ በጎማውና በፍሬኑ መካከል አስገብቶ ፈለቀቀ። የምስር ፍሬ የምታክል ጠጠር ጠብ አለች። የፍሬኑን ቅስት ከሥር ጎንበስ ብዬ ሳየው ጥቁሩ ቀለም ተፍቆ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ወጥቶበታል። «ጎማው ቤቱን ሞልቶታል» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ይህንን ለማወቅ እኔ ለጎማ የከፈልሁትን ያህል አልከፈለም።

ባለሙያዎች በጎማውና በማንኛውም የብስክሌቷ አካል መካከል ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይተው የሚሉት ለዚች ምስር ነው። ቸርኬ ከጊዜ ብዛት ይጣመማል፤ አዲስ ጎማ ተነፍቶ ሲሰነብት ጥቂት ይለጠጣል፤ የክረምት ጭቃ ደግሞ ስንዝር ሲሰጡት ክንድ ይወስዳል። እርስዎ 4 ይላሉ፤ ያለኝ 1 ነው። የአቤቱታዬ ሦስት ሚሊሜትር ከዚህ የመጣ ነው።

መላ አልፈለግህም እንዳልባል፣ ያልደረስሁበት የለም። የመጀመሪያው መላ የጎሚስታው ነበር፤ «ጋሼ፣ ውስጡን በሞረድ ትንሽ ብንነካካው እኮ ይገባል» ሲለኝ ሞረዱን እንደ መርፌ ሐኪም ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር። ሹካው ብረት እንዳልሆነ፣ ካርቦን የሚባለው ነገር እንደ ፀጉር ከቀጠኑ ጭረቶች ተደራርቦ በሙጫ የተጋገረ እንደሆነ፣ ብረት ሲከዳ መጀመሪያ እንደሚጎብጥ፣ የተሞረደ ካርቦን ግን ሳያስጠነቅቅ ሊሰበር እንደሚችል በዝርዝር አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝና «እንግዲያው ቸርኬውን ከማረፊያው ትንሽ ወደ ታች አውርደን እንሠረው» አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ እየቀለደ አልነበረም። ማረፊያው ውስጥ እስከ መጨረሻው ያልገባ የፊት ቸርኬ የት ሊቀር እንደሚችል ከማስረዳት ይልቅ ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ።

ቀጥሎ ፍሬኑን ረዘም ባለ ልቀይር አልሁ። የተለመደው የኮርስ ፍሬን ከቡሎኑ እስከ ላስቲኩ ከ39 እስከ 49 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ረጅሙ ደግሞ ከ47 እስከ 57። ነገር ግን የፍሬኑን ቡሎን ቀዳዳ የበሳው ሹካው ነው፤ ላስቲኩም ቸርኬውን የሚነካበት ቦታ አይለወጥም፤ ስለዚህ ክንዱ የረዘመ ፍሬን በእኔ ሹካ ላይ ላስቲኩን ከቸርኬው አሳልፎ ያወርደዋል። ቢገጥምልኝስ? ከፍሬኑ ቅስት በላይ የሹካው ራስ አለ፤ ከቅስቱ የሚበልጠው በ1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጸሐፊዋን ለምኜ፣ ተማጽኜ፣ አልፌ ብገባ ኃላፊው ያንኑ መልስ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው።

በባለ 622ቱ ፈንታ አነስ ያለ ባለ 584 ሚሊሜትር ቸርኬ አስገብቶ ሰፊ ጎማ መጫን የሚባል ዘዴም አለ፤ የፍሬኔ ላስቲኮች ግን ከቸርኬው 19 ሚሊሜትር ከፍ ብለው አየር ሊጨብጡ ነው። ሹካውን ራሱን ቀይረው የሚሉኝ ወዳጆች ዋጋውን ሲሰሙ ሐሳባቸውን ቀይረዋል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በሦስት ሰው ወንበር አራት ተቀምጠን፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አምስተኛ በሚጨምርባት ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ሲኖሩ ጠጋ ማለትን እንዴት አልተማሩም? ሆኖም ፍርድ እንዳላጓድል የሚመሰክርልዎ ነገር አለኝ። በዚህ ሁሉ ምልልስ ነገ ይመለሱ ብለውኝ አያውቁም፤ ሲስተም የለም አላሉኝም፤ የሻይ መጠጫ አልጠየቁኝም፤ ለእኔ 1፣ ለሌላው 4 አልሆኑም። የዋሸኝ በጎኑ ላይ 28 የጻፈው ጎማ ነው። ይህንን መጻፍ ለአመልካች ክብር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

ውሳኔዎ እስኪታወቅ ድረስ ከፊት ባለ 25 ጎማ በጊዜያዊነት አስገብቻለሁ። ሲነፋ 26 ሆነ። ባለፈው እሑድ ጠዋት በረንዳ ላይ ብስክሌቷን ገልብጬ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነ 4 ቁጥር መፍቻ በእርስዎና በጎማው መካከል አስገብቼ ቸርኬውን ቀስ እያልሁ ሙሉ ዙር አዞርሁት፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ቫልቮላው አጠገብ፣ ጎማው መፍቻውን ላስ አድርጎ አለፈ። የሰው ተስፋ አያልቅምና ባለ 28ቱን ወደ ኋላ ወሰድሁት፤ የኋላው ክፍተት ምንም ሳይጠይቀኝ ተቀበለው። ከክብደቴ ግማሽ የሚበልጠው የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ወገቤ አመስግኗል። እጆቼ ግን አሁንም ወደ እርስዎ ይመለከታሉ፤ ማመልከቻዬም አልተነሣም።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች

ግልባጭ፦
ለኋላው ክፍተት፣ ከምስጋና ጋር
ለሠፈራችን ጎሚስታ፣ ሞረዱን ከዓይናችን እንዲያርቅልን