አትሌቱ የማን ነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው።

አትሌት ወርቅ ሲያመጣ ባንዲራ ለብሰን አደባባይ እንወጣለን። ያው አትሌት «ተበድያለሁ» ብሎ አፉን ሲከፍት «ጠገበ» እንለዋለን፤ «አገር አሰዳቢ» የሚልም አይጠፋም። ፌስቡክ ገብታችሁ አስተያየቶቹን አንብቡ። ትናንት «የኛ ልጅ» የተባለችው፣ ቅሬታ ባቀረበች ማግስት «ደግሞ እሷ ማን ሆና ነው?» ትባላለች።

እስቲ የአኒታ ዲፍራንዝን ታሪክ ስሙኝ። አሜሪካዊት ቀዛፊ ናት። ቀዘፋና የኛ ሩጫ ምን አገናኛቸው አትበሉኝ፤ ይገናኛሉ።

በ1952 ፊላደልፊያ ተወለደች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ)፣ ያደገችው ኢንዲያናፖሊስ ነው። በ1971 የኮነቲከት ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ እያለች ግቢው ውስጥ አንድ ረጅምና ቀጭን ነገር አየች። ምንድነው ብላ ጠጋ አለች። የውድድር ጀልባ ነበር። አጠገቡ የነበረው አሰልጣኝ ቁመናዋን አየና ለዚህ ስፖርት የምትሆኚ ነሽ አላት። ጀመረች። እኛ ዘንድ ብትሆን በዚያ ዕድሜ «አሁንማ አለፈብሽ» ነበር የምትባለው።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ሞንትሪያል ኦሎምፒክ ላይ ነበረች። በ1976 ማለት ነው፤ ሴቶች በኦሎምፒክ ሲቀዝፉ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ወንዶቹ 2000 ሜትር ይወዳደራሉ፣ ሴቶቹ 1000 ብቻ ተፈቀደላቸው። ስምንት ሴቶች ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዷ አንድ ረጅም መቅዘፊያ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ በእግሯ እየገፋች ትጎትታለች። ወዴት እንደሚሄዱ የምታየው ዘጠነኛዋ፣ መሪዋ ብቻ ናት። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ምሥራቅ ጀርመን አንደኛ፣ ሶቭየት ኅብረት ሁለተኛ፣ የእነአኒታ ጀልባ ሦስተኛ ወጣ። በዓመቱ ደግሞ ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። ሕጉ ብዙም ሳይቆይ አስፈለጋት።

ዓይኗ ሞስኮ 1980 ላይ ነበር። የሶቭየት ጦር አፍጋኒስታን ገባ፤ ፕሬዚዳንት ካርተር አሜሪካ ሞስኮ አትሄድም አሉ፤ የአገሪቱ ኦሎምፒክ ኮሚቴም ድምፅ ሰጥቶ እሺ አለ። አኒታ ከሌሎች አትሌቶች ጋር ሆና ኮሚቴውን ፍርድ ቤት ገተረችው። መሄድና መቅረቱን አትሌቱ ይወስን፣ ፖለቲከኛው አይወስንለት ነው ነገሩ። ተሸነፈች። ስድቡም አልቀረላት፤ ይቺን ሙያ እኛ ብቻ አይደለንም የምንችላት።

አሁን ወደኛ ልምጣ። ሞንትሪያል ላይ እሷ ነሐስ ስታጠልቅ ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር አልሮጠም። ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ደቡብ አፍሪካ ልካ ስለነበር ኢትዮጵያ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር አንሳተፍም ብላ ቀረች። አፓርታይድን መቃወም የሚያኮራ ነው፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ሒሳቡን የከፈለው ሯጩ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ምሩጽ 5 ሺህውንም 10 ሺህውንም ሲጠራርግ፣ አኒታ በተራዋ ቤቷ ቀርታለች። ሎስ አንጀለስ 1984 ቀረን። ሴኡል 1988ም ቀረን። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በላይነህ ዴንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ያንን ሰዓት ለአሥር ዓመት የነካው የለም። ከወራት በኋላ የሴኡል ማራቶን ሲሮጥ ግን የዓለም ፈጣኑ ሰው መነሻው ላይ አልቆመም።

«በደርግ ጊዜ ማን አፍ ነበረው?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። አሁን ግን ደርግ የለም። ዛሬ የአትሌቱን አፍ የምታስይዙት እናንተ ናችሁ፤ ያውም በነፃ።

አኒታን ዝም ያሰኛት አልተገኘም። ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በዚያው በ1980 የኦሎምፒክ ኦርደር ነሐስ ሸለማት። በ1986 አባሉ አደረጋት፤ እዚያ የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በ1997 ምክትል ፕሬዚዳንት ስትሆን ከእሷ በፊት ያንን ሥልጣን የያዘች ሴት አልነበረችም። ኮሚቴ የከሰሰች ሴት ናት እንግዲህ ይቺ! እኛ ጋ ብትሆን በሩን ታልፍ ነበር?

በሉ፣ ቀጣዩ የቡድን ዝርዝር ሲወጣ እንደ ልማዱ አንዷ «ሰዓት እያለኝ ተዘለልኩ» ማለቷ አይቀርም። መጀመሪያ ሰዓቷን እዩላት። ቀጥሎ ፌዴሬሽኑን «በምን መስፈርት?» በሉልኝ። መልሱን ሰምታችሁም መሳደብ ካማራችሁ ያኔ ትሳደባላችሁ።