ግንቡንስ ጎንደርም አለን

ፈረንሳይ የሚኖር ሐበሻ ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣበት የሚቀናው ኤፍል ማማ ሥር አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሳት ነው። እኔ ከጎንደር ለጥየቃ የመጡትን አክስቴን በመኪና ይዤ ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ነገሥታት ወደ ከተሙበትና ወይን ወደሚመረትበት ወደ ሎዋር ሸለቆ ወረድሁ። የፋሲልን ግቢ አጥር እየታከከ ያደገ ሰው የሌላውን ንጉሥ ቤት አይቶ ምን እንደሚል ለመስማት ጓጉቼ ነበር።

መጀመሪያ ሻምቦር ገባን። ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1519 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያስጀመረው ሕንፃ ከ400 በላይ ክፍሎችና 282 የእሳት ምድጃዎች አሉት፤ የግቢው አጥር ደግሞ 32 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ይህ ሁሉ የአደን ማረፊያ ነው። ንጉሡ በ32 ዓመት ዘመነ መንግሥቱ እዚያ ያደረባቸው ቀናት ቢደመሩ ሦስት ወር አይሞሉም። አክስቴ አንገታቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ይህን ሁሉ ማን ይጠርገው ነበር?» አሉ።

ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እንደነበር ነገርኋቸው። ንጉሡ ሲመጣ ምንጣፉም አልጋውም ድስቱም ተጭኖ ይመጣል፤ ሲሄድ ተመልሶ ይጫናል። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ፤ «እንደ እኛዎቹ ናቸዋ!» እውነታቸውን ነው። ዐፄ ፋሲል በ1636 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ለብዙ ዘመን የእኛም ነገሥታት ኑሯቸው በአብዛኛው ድንኳን ተክሎ ድንኳን መንቀል ነበር። «ነጮቹ ግንብ ሲሠሩ እኛ ድንኳን ውስጥ ነበርን» እያልን በየድግሱ ራሳችንን የምንወቅስ ሰዎች ይህንን ብናውቀው ደግ ነው። ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ ጎንደር ሲደርስ፣ የጠበቀው የድንኳን ሰፈር ሳይሆን የቆመ ግንብ ነበር።

በሼር ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ በተዘረጋው በሽኖንሶ ብዙ አልቆየንም። ንጉሥ ሄንሪ ዳግማዊ ለውሽማው ለዲያን የሰጣትን ቤት እርሱ ሲሞት ሚስቱ ካትሪን ቀማቻት። ዛሬ በዲያን መኝታ ቤት ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ሥዕል የካትሪን ነው። አክስቴ «አበጀች» ብለው አለፉ።

እኔን ያስቀናኝ ግንቡ አልነበረም። ቱር ከተማ አጠገብ ያለችው ቩቭሬ የምትባል ትንሽ ቦታ ናት። አገሩ ለስላሳ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ለቤት መሥሪያ ሲፈለፈል የቀረው ዋሻ የወይን ጠጅ ማከማቻ ሆኗል። ገበሬው ራሱ በር ከፍቶ ያስገባል፣ ራሱ ይቀዳል፣ ራሱ ይሸጣል። የሚቀዳው ሸኒን ከሚባል አንድ የወይን ዘር የተጠመቀ ነው፤ እንደ ዓመቱ ፀሐይ አንዱ ኮምጠጥ፣ ሌላው እንደ ብርዝ ጣፋጭ ይሆናል። ከዚያ መትፊያ ዕቃ አቀረበልን። ለሚያሽከረክር ሰው ደንቡ ይኸው ነው፤ ቀምሶ መትፋት። አክስቴ እኔ ስተፋ አይተው፣ በሰው ቤት የቀረበልኝን በመትፋቴ አፈሩብኝ፤ የእርሳቸውን ድርሻ እስከ መጨረሻው ጠጡና የእኔንም ጨመሩበት።

ሲሞቃቸው ጠጅ እንደሚጥሉ፣ ጌሾውን እንዴት እንደሚያደርጉ እኔን አስተርጓሚ አድርገው ለገበሬው አስረዱት። እርሱም በጥሞና ሰምቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ማሩ የየት አገር ነው?» አክስቴ ግራ ገባቸው። «ከገበያ ነው እንጂ!»

ሰውየው እንደዚያ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ከ1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቩቭሬ ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። ከተከለለው መሬት ውጭ የበቀለ ወይን በዚያ ስም አይሸጥም፤ ዘሩና አሠራሩም በደንብ ተወስኗል። ስለዚህ ግንብ ሊያይ የመጣ እንግዳ ሲመለስ የመንደሩን ስም በጠርሙስ ገዝቶ ይሄዳል፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። የጎንደር እንግዳ ግን የመግቢያ ትኬቱን ቆርጦ፣ ፋሲል ግቢን ዞሮ፣ ማታ ሆቴሉ ቢራ ይጠጣል። አሁን ደግሞ ጦርነቱ እንግዳውንም አርቆታል፤ ይህን መርሳት በደል ነው። ሆኖም በሰላሙም ዘመን ጠጃችን የሚታወቀው በጠጅ ቤቱ ባለቤት ስም እንጂ በማሩ አገር አልነበረም። ፈረንሳዮቹ ዝዋይ ድረስ መጥተው፣ ወይን ተክለው፣ ጠርሙሱ ላይ የስምጥ ሸለቆን ስም ጽፈው መሸጥ ሲጀምሩ እኛ ማራችንን በቆርቆሮ ቀላቅለን መሸጡን ቀጠልን።

አንችልም እንዳይባል፣ ለይርጋጨፌ፣ ለሲዳሞና ለሐረር ቡና ስም መንግሥት ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ላይ ደርሷል። ለማር እንዲህ የሚሟገት ማን እንደሆነ አላየሁም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ክርክር ተነሣ። አክስቴ ከላስታ ነጭ ማር የሚበልጥ የለም አሉ። እኔ የከፋን የጫካ ማር አነሣሁ። «እርሱ ለመድኃኒት ነው፤ ለጠጅ አይሆንም» ብለው ቆረጡብኝና፣ የትግራዩን ነጭ ማር ከላስታው በምን እንደሚለዩት ኦርሌዓን እስክንደርስ ድረስ ሲያስረዱኝ ቆዩ።