ምክንያት፦ «የግል ጉዳይ»

ሁለተኛ ዓመት ሳለን ከዶርማችን አንድ ልጅ ወጣ። የገበሬ ልጅ ነው። ትምህርት ከብዶት አልነበረም፤ እንዲያውም ፈተና ሲደርስ ማታ ማታ የሚያስረዳን እሱ ነበር። ያን ሰሞን አባቱ ታመሙና ከቤት የምትላክለት ትንሽ ብር ቀረች። ሃንድአውት ፎቶ ኮፒ የሚያደርግበት ሲያጣ ከእኛ እየተዋሰ ሌሊት በእጁ ይገለብጥ ጀመር። ከዚያ አንድ ጠዋት ዊዝድሮው፣ ማለትም የትምህርት ማቋረጫ ፎርም ሞላ። ብርድ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን እስከ መናኸሪያ ሸኘነው። ፎርሙ ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ «የግል ጉዳይ» ብሎ ነው የጻፈው። ተፈረመለት፣ አለቀ። «ምን ሆነህ ነው?» ያለው የለም።

እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ከችግር እንደወጣ ይቆጠራል። መግባቱም ቀልድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ወንፊት ያለፈ ልጅ በፎቶ ኮፒ ብር ሲቀር ያንገበግባል።

«መንግሥት ያበላል፣ ያስተኛል፤ ሌላ ምን ይደረግ?» የሚሉ አሉ። ትልቁ ወጪ በወጪ መጋራት መሸፈኑ እውነት ነው፤ ተማሪው ተመርቆ ይከፍለዋል። ልጆቹን የሚጥላቸው ግን ትንሹ ነው። ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የመኪና መሳፈሪያ። ኮምፒዩተር ሳይንስ ተመድቦ ላፕቶፕ የሌለውም አለ። አንዳንዱ ኖን ካፌ ሆኖ፣ ማለትም በግቢው ካፌ መብላቱን ትቶ በብር እየተቀበለ፣ የምግቡን ብር ለቤተሰብ ይልካል። እሱ ደግሞ ጓደኛው ከካፌ በኪሱ ደብቆ በሚያወጣለት ዳቦ ይውላል። የመውጫ ፈተና የወደቀውም መልሶ መፈተን ይችላል፤ ዶርሙን ግን ለቋል፣ የት አድሮ ይፈተን?

እኔ የምለው ብዙ አይደለም። ዊዝድሮው ከመፈረሙ በፊት አንድ ሰው ልጁን ቁጭ አድርጎ ያናግረው። የሚያናግረው ሰው ደግሞ እዚያው የሚሰጠው ትንሽ ገንዘብ በእጁ ይኑር፤ ምክር ብቻ መሳፈሪያ አይሆንም። ብዙ ግቢ ውስጥ ተማሪዎቹ ራሳቸው ደብተርና ልብስ የሚያሰባስቡበት የበጎ አድራጎት ክበብ አለ። ማን እንደተቸገረ ከዲኑ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እዚያ ላይ ግቢው በጀት ቢመድብ፣ እኛ የተመረቅነውም በወር የአንድ ማኪያቶ ብናዋጣ ምን ይጎድልብናል? አንድ ሁለቱ ያታልል ይሆናል። ያታልል።

ያ ልጅ አሁን ባጃጅ ይነዳል። አምና ደውሎልኝ ስለ ልጆቹ ስናወራ ቆየንና፣ ሊዘጋው ሲል «አቋርጦ መመለስ፣ ሪአድሚሽኑ ግን ጊዜ ገደብ አለው እንዴ?» አለኝ።