ማስተካከያ፦ ውርዝልያን የወጋት ንጉሡ አይደለም

ሰሞኑን ሕፃናትን ትገድላለች ስለምትባለው አጋንንት፣ ስለ ውርዝልያ፣ ሲዘዋወር የነበረ ጽሑፍ ሁለት ነገር አዛብቷል። አንደኛ፣ አጋንንቷን የወጋት ዐፄ ሱስንዮስ ነው ብሏል። ሁለተኛ፣ ታሪኳ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ ብሏል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ዐፄ ሱስንዮስ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ናቸው። ከውርዝልያ ለመጠበቅ በሚጻፈው ክታብ ላይ ያለው ሱስንዮስ ግን ሰማዕቱ ቅዱስ ነው። ግብፅ ውስጥ ባዊት በሚባለው ጥንታዊ ገዳም ግድግዳ ላይ ይኸው ቅዱስ ፈረስ ላይ ሆኖ አንዲት አጋንንት በጦር ሲወጋ ተሥሏል። ሥዕሉ ከንጉሡ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። እዚያ የተጻፈው የአጋንንቷ ስም ግን አላባስድርያ ነው።

በእኛ ጸሎተ ሱስንዮስ፣ ማለትም ክታቡ ላይ በሚጻፈው ጸሎት፣ ታሪኩ እንዲህ ነው። ውርዝልያ የሱስንዮስን ሕፃን ትገድላለች። እሱ ጦሩን ይዞ በፈረስ ይወጣል። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ያገኛል፣ ውርዝልያ የት እንደሄደች ይጠይቃታል። ውርዝልያን በአጋንንት ተከባ ያገኛትና ጎኗን ይወጋታል። እሷም ስሙ ወደሚጠራበት ቦታ ላትደርስ ትምላለች። ክታቡ ጉልበት አለው የሚባለው በዚህ መሐላ ነው፤ ፅንስ የሚጨናገፍባቸውና ልጅ የሚሞትባቸው እናቶች ብራናውን የሚያስጽፉት ለዚህ ነው። የእነዚህን እናቶች ሐዘን ለማይረባ ወሬ ማሻሻጫ ማድረግ ያሳዝናል።

አመጣጧን በተመለከተ አንዳንድ ክታቦች የሱስንዮስ እህት ያደርጓታል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስሟን የትም አይጠራም። ከአይሁድ ተረት ሊሊት ጋር በሕፃን ገዳይነት ብትመሳሰልም፣ አንድ ናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም።