ማስተካከያ፦ የሞምባሳ ጉዞ መረጃ

ስለ ሞምባሳ በወጣው የጉዞ መረጃ «ከናይሮቢ የሚነሳው ባቡር መሃል ከተማ ያወርዳል፤ የዲያኒ ባህር ዳርቻም በስተሰሜን ነው» የተባለው ይስተካከል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር የሚያወርደው መሃል ከተማው ካለበት ደሴት ውጭ፣ ሚሪቲኒ የተባለ ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ከተማ ታክሲ ወይም ማታቱ (የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባስ) መያዝ ይቻላል። ታክሲ ከሆነ ዋጋ ሳይነጋገሩ እንዳይገቡ!

ዲያኒ ያለው በስተደቡብ ነው። የተለመደው መንገድ በሊኮኒ ጀልባ መሻገር ነው፤ እግረኛ አይከፍልም። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን ሰዉ፣ ብስክሌቱ፣ ዕቃ የጫነው የእጅ ጋሪ ሳይቀር ተጋፍቶ ነው የሚገባው። ቦርሳዎን ከፊት ያድርጉ። በስተሰሜን፣ የኒያሊን ድልድይ ተሻግረው የሚያገኟቸው የባምቡሪ ባህር ዳርቻና ሃለር ፓርክ የተባለው የዱር እንስሳት መናፈሻ ናቸው።

ስለ ፎርት ጂሰስ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 የገነቡት ምሽግ ነው። ፀሐዩ ሳይበረታ በጠዋት ቢሄዱ ይሻላል።